ፍሌቸር ሄንደርሰን፤ ሥራው ከስሙ ቀድሞ የሄደ አቀናባሪ

አንድ የዳንስ ኦርኬስትራ ወደ መድረክ ሲወጣ ተመልካቹ የሚያየው ዘፋኙን፣ ብቻውን ተነሥቶ የሚነፋውን ተጫዋችና ከፊት ቆሞ የሚመራውን ሰው ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ወረቀቱን ዘርግቶ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ድርሻውን የመደበውን፣ ማን መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚያርፍ የወሰነውን አቀናባሪ ግን የሚያየው የለም። ጭብጨባው ለፊተኞቹ ነው፤ በሸክላው ላይ በጉልህ የሚታተመውም ስም የእነርሱ ነው። ይህ በየአገሩ የሚታይ የሙያችን ዕጣ ሲሆን፣ በግልጽ ከደረሰባቸው ሰዎች አንዱ ጥቁር አሜሪካዊው የኦርኬስትራ መሪና አቀናባሪ ፍሌቸር ሄንደርሰን ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ እስከ 1929 የገንዘብ ገበያ ውድቀት ድረስ ያለው ጊዜ በአሜሪካ የጃዝ ዘመን ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዘመን በየከተማው የዳንስ አዳራሽ ይከፈት ነበር፤ የሸክላ ማጫወቻ ወደ መኖሪያ ቤቶች ይገባ ነበር፤ ሬዲዮም ሙዚቃን ከከተማ ወደ ከተማ ማድረስ ጀመረ። ዛሬ የዚያን ዘመን ዘፈኖችና የዳንስ ኦርኬስትራዎች ፈልጎ የሚያደምጥ ሰው ከጥቂት ሸክላዎች በኋላ ከሄንደርሰን ስም ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ ስሙ ወደሚገባው ቦታ የተመለሰው ባለቤቱ ከሞተ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። የሕይወቱን ታሪክ ለማኅበራችን አባላት የምናቀርበው ስለ አንድ የውጭ አገር ሙዚቀኛ ዕውቀት ለመጨመር ብቻ አይደለም። የአቀናባሪ ሥራ እንዴት እንደሚወለድ፣ እንዴት ከባለቤቱ እጅ እንደሚወጣና እንዴት ከመጥፋት እንደሚተርፍ የሚያሳይ፣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ስለሚያስቸግር ጭምር ነው።

ከኬሚስትሪ ወደ ፒያኖ

ፍሌቸር ሄንደርሰን ዲሴምበር 18 ቀን 1897 በጆርጂያ ክፍለ ግዛት፣ ከትበርት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በአሜሪካ ባርነት ከተሻረ ገና ሠላሳ ሁለት ዓመት ብቻ ሆኖ ነበር። አባቱ የጥቁር ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበሩ፤ እናቱም ፒያኖ ያስተምሩ ነበር። በዚህ ቤት ውስጥ ትምህርት ከምግብ ያላነሰ ቦታ ነበረው። ፍሌቸር ከልጅነቱ ጀምሮ በየቀኑ ፒያኖ እንዲያጠና ይገደድ የነበረ ሲሆን፣ የሚፈቀድለት ሙዚቃም የአውሮፓ ክላሲካልና የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ብቻ ነበር። ብሉዝና የመሸታ ቤት ዜማ ከዚያ ቤት ደጃፍ አያልፉም ነበር። በ1904 የተወለደው ታናሽ ወንድሙ ሆረስም በዚሁ ሥርዐት አድጎ፣ በኋላ እርሱም ፒያኖ ተጫዋችና አቀናባሪ ሆኗል።

ወጣቱ ሄንደርሰን ግን ኑሮውን በሙዚቃ የመመሥረት ሐሳብ አልነበረውም። በአትላንታ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪና ሒሳብ ተምሮ በ1920 ተመረቀ፤ በዚያው ዓመትም በኬሚስትሪ ትምህርቱን ለመቀጠልና በሙያው ሥራ ለመያዝ ወደ ኒውዮርክ ሄደ። ነገር ግን ለጥቁር ኬሚስት የሚከፈት በር በዚያች ከተማ ጥቂት ነበር። ዲግሪው የማይመግበው መሆኑ ሲታወቀው፣ እናቱ በልጅነቱ ያስጨበጡት ችሎታ ወደ ሌላ መንገድ ወሰደው። የብሉዝ ደራሲው ደብልዩ ሲ ሃንዲና ሃሪ ፔስ ባቋቋሙት የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ውስጥ፣ አዳዲስ ዘፈኖችን ለገዢዎች በፒያኖ እየተጫወተ የሚያስተዋውቅ ሠራተኛ ሆነ። በ1921 ሃሪ ፔስ ከሃንዲ ተለይቶ ብላክ ስዋን የተባለውን የሸክላ ኩባንያ ሲመሠርት ሄንደርሰንን ይዞት ሄደ።

ብላክ ስዋን በጥቁሮች ገንዘብ የተቋቋመ፣ ጥቁር ሙዚቀኞችን በስፋት ያስቀረጸ ኩባንያ ነበር። ሄንደርሰን በዚያ ፒያኖ ይጫወታል፤ ለቀረጻ የሚያስፈልጉትን ተጫዋቾች ይሰበስባል፤ ዘፋኞችን ያጅባል። ከነዚህ ዘፋኞች መካከል ኤቴል ወተርስ ትገኝበታለች። ከ1921 መገባደጃ ጀምሮ ከእርስዋ ጋር በብዙ ከተሞች ተዘዋውሯል። በተማረ ሰው ጨዋነት የተጣራ አጨዋወቱ ለብሉዝ የሚበቃ ሆኖ አላገኘችውምና፣ የሃርለሙን ባለሙያ የጄምስ ፒ ጆንሰንን የፒያኖ ጥቅሎች እየሰማ እንዲያጠና አደረገችው። በዚህ ሁኔታ የከትበርት የትምህርት ቤት ዲሬክተር ልጅ፣ በወላጆቹ ቤት የተከለከለውን ሙዚቃ በሃያ አራት ዓመቱ እንደ አዲስ ተማሪ ጀመረ። ከ1923 አንሥቶም ቤሲ ስሚዝን በመሳሰሉ የብሉዝ ዘፋኞች ሸክላዎች ላይ በፒያኖ አጅቧል።

የሮዝላንድ ዓመታት

በቀረጻ ክፍል ውስጥ አብረውት ይሠሩ የነበሩት ተጫዋቾች ቀስ በቀስ አንድ ኦርኬስትራ ሆኑ። በ1924 መጀመሪያ ክለብ አላባም በተባለ ቤት ሥራ አገኙ። በዚያው ዓመት በጋ ደግሞ በብሮድዌይ ወደሚገኘው ታላቁ የሮዝላንድ የዳንስ አዳራሽ ተዛወሩ፤ ሄንደርሰንም ለአሥር ዓመት ያህል እየሄደ እየተመለሰ በዚያ ሲሠራ ኖረ። ሮዝላንድ የሚደንሱት ነጮች ብቻ የሆኑበት አዳራሽ ነበር። ጥቁሩ ሙዚቀኛ በመድረኩ ላይ እየተጫወተ ማምሸት ይችላል፤ ወገኖቹ ግን የመግቢያ ዋጋ ከፍለው ከመድረኩ በታች ሊደንሱ አይፈቀድላቸውም። ስለ ኦርኬስትራው ስኬት ስንናገር ይህን እየዘነጋን መሆን የለበትም፤ የሄንደርሰንን የኋላ ዕጣ የወሰነው ይኸው ሥርዐት ነውና።

በዚያን ጊዜ የዳንስ ኦርኬስትራ ማለት ባመዛኙ ዜማውን ሁሉም በአንድነት የሚጫወቱበት፣ ለጌጥ ያህል ብቻ አልፎ አልፎ ክላርኔት ወይም ትራምፔት ለብቻው የሚሰማበት ስብስብ ነበር። በሌላ በኩል ከኒው ኦርሊንስ የመጣው ጃዝ ከአምስት እስከ ስምንት በሚሆኑ ተጫዋቾች፣ ሁሉም በየራሳቸው ፈጠራ እየተጠላለፉ የሚጫወቱት ነበር። ይህን አጨዋወት እንዳለ ወደ አሥር ተጫዋቾች ማስፋት አይቻልም፤ አሥር ሰው በአንድ ጊዜ ከራሱ አፍልቆ ቢነፋ ውጤቱ ሁካታ ይሆናል። የዳንስ አዳራሹ ግን ሰፊ ስለነበረና የድምፅ ማጉያ ገና ስላልተስፋፋ ትልቅ ኦርኬስትራ የግድ ያስፈልግ ነበር። እንግዲህ የዘመኑ ጥያቄ የጃዝን ነጻነት ሳይገድሉ ብዙ መሣሪያዎችን እንዴት ማስተባበር ይቻላል የሚል ነበር።

ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት የጀመረው በሄንደርሰን ኦርኬስትራ ውስጥ ሳክስፎንና ክላርኔት ይጫወት የነበረው ዶን ሬድማን ነው። ሬድማን በ1900 የተወለደና በኮሌጅ ሙዚቃ የተማረ ሰው ነበር። ኦርኬስትራውን በክፍል በክፍል መደበው፤ ሳክስፎኖችና ክላርኔቶች በአንድ ወገን፣ ትራምፔቶችና ትሮምቦኖች በሌላ ወገን፣ ፒያኖ፣ ባንጆ፣ ቱባና ድራም ደግሞ ከሥር ሆኑ። ከዚያ በኋላ ሁለቱን የነፋሽ ክፍሎች እርስ በርስ አነጋገራቸው። በአገራችን የሠርግና የበዓል ጨዋታ አውጪው ሲያወጣ ተቀባዩ እንደሚመልስ ሁሉ፣ በዚህም አንደኛው ክፍል ሐረጉን ያወጣል፤ ሌላው አሳጥሮ ይቀበለዋል። በዚህ ቅብብል መካከል ደግሞ ለአንድ ተጫዋች ብቻውን ከራሱ አፍልቆ የሚጫወትበት ቦታ ክፍት ይተውለታል። የተጻፈውና ያልተጻፈው ሙዚቃ በአንድ ቅንብር ውስጥ አብረው የሚያድሩበት መንገድ ተገኘ ማለት ነው።

መንገዱ ቢገኝም ኦርኬስትራው ገና በእግሩ አልቆመም ነበር። የ1924 መጀመሪያ ሸክላዎቹ ንጹሕና ትክክለኛ ቢሆኑም ደረቅ ናቸው። ለውጡ የመጣው በዚያ ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ ሉዊ አርምስትሮንግ ከቺካጎ ሲደርስ ነው። ሄንደርሰን ወጣቱን ትራምፔት ነፊ ቀደም ሲል በ1922 ከኤቴል ወተርስ ጋር ኒው ኦርሊንስ በሄደ ጊዜ ሰምቶት ነበር። አርምስትሮንግ በኦርኬስትራው የቆየው አንድ ዓመት ከጥቂት ቢሆንም፣ ሲሄድ የተወው ኦርኬስትራ የተቀበለው አልነበረም። አንድን ድምፅ ከምቱ ጥቂት አዘግይቶ ማስቀመጥን፣ ዝምታን እንደ ድምፅ መጠቀምን፣ ከመጀመሪያው ሐረግ እስከ መጨረሻው አንድ ወጥ ታሪክ መናገርን ባልደረቦቹ ከእርሱ ሰሙ። ኮልማን ሆኪንስ በቴኖር ሳክስፎን አጨዋወቱን ለወጠ፤ ሬድማንም ከዚያ ወዲህ የጻፈው አርምስትሮንግ ብቻውን የሚጫወተውን መላው ክፍል በአንድነት እንዲጫወተው አድርጎ ነው። በግንቦት 1925 የተቀረጸው ሹገር ፉት ስቶምፕና በ1926 የተቀረጸው ስታምፒድ የዚህ ለውጥ ምስክሮች ናቸው።

ኦርኬስትራው ሁልጊዜ አሸናፊ ነበር ማለት አይደለም። በ1926 መኸር ከዲትሮይት የመጣው የዣን ጎልድኬት ኦርኬስትራ፣ ኮርኔት ነፊውን ቢክስ ባይደርቤክን ይዞ፣ በሮዝላንድ ከሄንደርሰን ጋር ሲወዳደር ድሉ የእንግዶቹ ሆነ። የሄንደርሰን ተጫዋቾች ሽንፈታቸውን ያለ ቅናት ተቀበሉ፤ በ1931ም ባይደርቤክ ታዋቂ ያደረገውን ዜማ እርሱን እየተከተሉ ቀረጹ። በሕግና በልማድ የተለያዩት ነጭና ጥቁር ሙዚቀኞች በጆሮ ይማማሩ እንደነበር ይህ ያሳያል። ማስታወቂያዎችና ኮንትራቶች ግን ይህን መማማር አይመዘግቡም ነበር።

ብዕሩን ሲያነሣ

በ1927 ዶን ሬድማን ሌላ ኦርኬስትራ ሊመራ ወደ ዲትሮይት ሄደ። በ1928 በጋ ደግሞ ሄንደርሰን የመኪና አደጋ ደርሶበት ትከሻውና ራሱ ላይ ጉዳት አገኘው። በ1924 ያገባት ባለቤቱ ሊዮራ እርስዋ ራስዋ ትራምፔት ነፊ ነበረች፤ ከዚያ አደጋ በኋላ የባልዋ ጠባይ እንደተለወጠ፣ ለገንዘብና ለሥራ ጉዳይ ያለው ትጋት እንደቀነሰ ተናግራለች። ሄንደርሰን ቀድሞም ቢሆን ለስላሳና ዝምተኛ ሰው ነበር። ተጫዋቾቹ ሲያረፍዱ አይቆጣም፤ ሲከራከሩት አይመልስም። ለሸክላ ቀረጻ ከተመደበው ሰዓት አብዛኛው ሰው በመጠበቅ ያለፈበት ቀን ነበር። የሚያስደንቀው ግን በቀረችው አጭር ጊዜ የተቀረጸው ሙዚቃ እስከ ዛሬ የሚደመጥ መሆኑ ነው።

መሪነቱ ሲደክም አቀናባሪነቱ በረታ። እስከ 1930 ገደማ ድረስ የኦርኬስትራውን ቅንብር በዋነኛነት የሠሩት ሬድማን፣ ከእርሱም በኋላ ቤኒ ካርተርና ሌሎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ግን የኢኮኖሚ ድቀቱ ኪሱን ስላራቆተውና የሚጽፍለት ሰው ስላነሰ ሄንደርሰን ራሱ ብዕሩን አነሣ። በሠላሳ ሦስትና በሠላሳ አራት ዓመቱ ገደማ የጀመረው ይህ ሥራ የሕይወቱ ዋና ሥራ ሆኖ ቀረ።

የአጻጻፉ ምሥጢር ቀላልነቱ ነው። ሬድማን ብልጭልጩን፣ ድንገተኛውን መታጠፊያ ይወድድ ነበር፤ ሄንደርሰን ግን አስወገደው። ሳክስፎኖቹን ተቀራራቢ በሆኑ ድምፆች ያስተባብርና አንድ ጎበዝ ተጫዋች ከራሱ የፈጠረው በሚመስል ዜማ ያስኬዳቸዋል። ትራምፔቶቹና ትሮምቦኖቹ በአጫጭር ሐረግ እየመለሱ ይገፏቸዋል። አንዲት አጭር ሐረግ ደጋግማ ትመለሳለች፤ በተመለሰች ቁጥር ከሥርዋ አንድ ነገር ይጨመርላታል፤ ስለዚህ ሙዚቃው ሳይፈጥን የፈጠነ ይመስላል። ከሥር ያለውም ክፍል በዚያው ጊዜ ተለወጠ፤ ቱባ ለባለ ክር ባስ፣ ባንጆም ለጊታር ቦታውን ለቀቀ፤ አራቱም ምቶች እኩል ክብደት አገኙ። ከዚህ የተገኘው የሚወዘውዝ አካሄድ በኋላ ስዊንግ የሚል ስም ወጥቶለት የአንድ ትውልድ መጠሪያ ሆኗል። አጻጻፉ ቀላል ስለሆነም በሌላ ኦርኬስትራ እጅ ቢገባ ይሠራል። ይህ ጠባዩ ታላቅ ጥቅም ነበረው፤ የባለቤቱም ዕዳ የመጣው ከእርሱ ነው።

ይህን መንገድ በአንድ ዜማ መከታተል ይቻላል። ጄሊ ሮል ሞርተን ለፒያኖ የደረሰውን ኪንግ ፖርተር ስቶምፕ የሄንደርሰን ኦርኬስትራ በ1928፣ በ1932ና በ1933 ሦስት ጊዜ ቀርጾታል። ከቀረጻ ወደ ቀረጻ መግቢያው ያጥራል፤ የሞርተን የፒያኖ ጌጦች ይረግፋሉ፤ በመጨረሻው ክፍል በነፋሾቹ መካከል ያለው ቅብብል እየሰፋ ይሄዳል። የአጻጻፉ ለውጥ በወረቀት ሳይሆን በሦስት ሸክላዎች ተመዝግቦ ቀርቷል ማለት ነው።

የተሸጠው ወረቀት

በ1934 የሄንደርሰን ጉዳይ ወደ መጨረሻው ተቃረበ። ኮልማን ሆኪንስ ከአሥር ዓመት አገልግሎት በኋላ ወደ እንግሊዝ ሄደ። በምትኩ የመጣው ሌስተር ያንግ ድምፁ እንደ ሆኪንስ ስላልወፈረ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትምና ብዙም ሳይቆይ ተለየ። ሥራ ጠፋ፤ ደመወዝ ተቋረጠ፤ በዓመቱ ማለቂያ ኦርኬስትራው ተበተነ።

በዚያው ጊዜ ቤኒ ጉድማን የተባለ ወጣት ነጭ ክላርኔት ነፊ አዲስ ኦርኬስትራ አቋቁሞ፣ ኤን ቢ ሲ በየቅዳሜ ምሽት በሚያሰማው የዳንስ ፕሮግራም ላይ ለመጫወት ተመርጦ ነበር። ፕሮግራሙ ለአዳዲስ ቅንብሮች የተመደበ ገንዘብ ነበረው፤ ጉድማን ግን የሚጫወተው ሙዚቃ አልበቃውም። የጥቁር ሙዚቀኞች ወዳጅ የሆነው ጆን ሃመንድ ሁለቱን አገናኛቸው። ሄንደርሰንም ለገዛ ኦርኬስትራው የጻፋቸውን ቅንብሮች ሸጠለት፤ በየሳምንቱም አዳዲስ ይጽፍለት ጀመር። ሽያጩ ሕጋዊ ነበር፤ ክፍያውም ተከፈለ። ቅንብር ግን በዚያን ጊዜ አንድ ጊዜ ተሸጦ የሚያልቅ ዕቃ ነበር። ከሸክላው ሽያጭ፣ ከሬዲዮው ስርጭትና ከአዳራሹ መግቢያ አቀናባሪው ድርሻ አልነበረውም።

ኦገስት 21 ቀን 1935 ጉድማን በሎስ አንጀለስ ፓሎማር በተባለ አዳራሽ ተጫወተ። ወደዚያ ሲጓዝ በብዙ ከተሞች ቀዝቃዛ አቀባበል ደርሶበት ስለነበር የዚያንም ምሽት በለዘቡ ዘፈኖች ጀመረ። ሕዝቡ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ የሄንደርሰንን ቅንብሮች ሲያስጀምር ወጣቶቹ ወደ መድረኩ ጎረፉ። የሬዲዮው ፕሮግራም በሰዓት ልዩነት ምክንያት በምሥራቅ ሰው በሚተኛበት ጊዜ ይሰማ ሲሆን በምዕራብ ግን ወጣቱ ነቅቶ በሚያደምጥበት ምሽት ይደርስ ነበርና፣ የካሊፎርኒያ ወጣቶች ቅንብሮቹን ቀድመው ያውቋቸው ነበር። የስዊንግ ዘመን የተከፈተው በዚያ ሌሊት ነው እየተባለ ይነገራል። ጉድማንም የስዊንግ ንጉሥ የሚል ማዕረግ አገኘ። ያ ሕዝብ የጨፈረበት ኪንግ ፖርተር ስቶምፕ ግን ሄንደርሰን በኒውዮርክ በሦስት ቀረጻዎች ሲያበስለው የኖረው ነበር።

ጉድማንን እንደ ሌባ መቁጠር ስሕተት ይሆናል። የሄንደርሰንን ውለታ በግልጽ የመሰከረ፣ በ1939ም ራሱን በቋሚ አቀናባሪነትና ለጥቂት ወራት በፒያኖ ተጫዋችነት የቀጠረ ሰው ነው። ኦርኬስትራው ሙዚቃውን ያጠናበት ትጋትም የሄንደርሰን ተጫዋቾች ያልነበራቸው ነበር። ጥፋቱ ከአንድ ሰው ይልቅ ከሥርዐቱ ነው። ታላላቆቹ ሆቴሎች፣ በድርጅቶች ገንዘብ የሚካሄዱት የሬዲዮ ፕሮግራሞችና አብዛኞቹ አዳራሾች ለጥቁር ኦርኬስትራ ዝግ ወይም ጠባብ ነበሩ። አንድ ዓይነት ወረቀት በአንዱ እጅ ሀብትና ዝና፣ በሌላው እጅ የወር ቤት ኪራይ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሄንደርሰን ተስፋ አልቆረጠም። በ1936 ሮይ ኤልድሪጅንና ቹ ቤሪን የመሳሰሉ ወጣቶች ይዞ በቺካጎ ግራንድ ቴራስ ኦርኬስትራውን እንደገና አቋቋመ፤ ክሪስቶፈር ኮሎምበስ የተባለው ሸክላም ተወደደለት። ነገር ግን እንደ እርሱ የሚጫወቱ ኦርኬስትራዎች በዝተው ነበር። አዲስ አድማጭ የእርሱን ኦርኬስትራ ሲሰማ ጉድማንን የሚመስል ነው ሊለው ይችላል፤ መንገዱን የጠረገው ሰው ተከታይ መሰለ። በ1940ዎቹ በአነስተኛ ክለቦች ሠራ፤ በ1948ና በ1949 ወደ ጥንት ሥራው ተመልሶ ኤቴል ወተርስን በፒያኖ አጀበ። በ1950 ዲሴምበር ግማሽ አካሉን የሚያሽመደምድ ሕመም ወደቀበት። በተከታዩ ዓመት ጉድማን የድሮ ባልደረቦቹን ሰብስቦ ለመታከሚያው በሬዲዮ ተጫወተለት፤ ዝግጅቱም በሸክላ ታትሞ ገቢው ለእርሱ እንዲሆን ተደረገ። ፍሌቸር ሄንደርሰን ዲሴምበር 29 ቀን 1952 በኒውዮርክ በሃምሳ አምስት ዓመቱ ሞተ፤ የተቀበረውም በተወለደባት በከትበርት ነው።

ስሙ እንዴት ተመለሰ

ከመረሳት ያዳኑት በመጀመሪያ የሸክላ ሰብሳቢዎች ናቸው። በ1930ዎቹ በፈረንሳይና በእንግሊዝ፣ ቀጥሎም በአሜሪካ፣ አሮጌ ሸክላ ከየዕቃ መሸጫው እየለቀሙ ማን የቱን መሣሪያ እንደተጫወተ የሚመረምሩ ሰዎች ተነሡ። ፈረንሳዊው ሻርል ደሎኔ በ1936 ያሳተመው የሸክላ መዝገብ የተጫዋቾቹን ስም በየቀረጻው ዘርዝሯል። ሥራው ደረቅ ቢመስልም ታሪክን የለወጠ ነው፤ እስከዚያ ድረስ በሸክላ ላይ የሚነበበው የመሪው ስም ብቻ ነበርና።

በ1961 ኮሎምቢያ የሸክላ ኩባንያ በፍራንክ ድሪግስ አዘጋጅነት የሄንደርሰንን ስድሳ አራት ቀረጻዎች በአራት ትላልቅ ሸክላዎች አሰባስቦ አወጣ፤ ለስብስቡ የተሰጠውም ርእስ የሄንደርሰንን ሕይወት የተስፋ መጨናገፍ ጥናት ብሎ የሚጠራ ነበር። ከ1923 እስከ 1938 የተቀረጸው ተከታትሎ ሲደመጥ፣ የስዊንግ አጻጻፍ በ1935 ከሰማይ የወረደ ሳይሆን በሮዝላንድ በዓመታት ድካም የተገነባ መሆኑን ማንም ጆሮ ያለው ሊያስተውል ቻለ። በ1968 ጉንተር ሹለር ስለ ቀደምት ጃዝ በጻፈው መጽሐፍ የኦርኬስትራውን ሥራ በኖታ መረመረው። በ2005 ደግሞ ጄፍሪ ማጊ ሙሉ መጽሐፍ አወጣለት። የጃዝ ዘመንን የዳንስ ሙዚቃ በመድረክ ላይ እንደገና የሚጫወቱ ኦርኬስትራዎችም ከ1970ዎቹ ወዲህ ተቋቁመዋል፤ ከእነዚህ አንዱ የሆነው የቪንስ ጆርዳኖ ኦርኬስትራ በሺህ የሚቆጠሩ የዘመኑን ቅንብሮች ሰብስቦ ይጫወታል።

በዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሄንደርሰን ለጉድማን የሸጣቸው ቅንብሮች በጥንቃቄ ተይዘው በዬል ዩኒቨርሲቲና በኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የገዛ ኦርኬስትራው በ1920ዎቹ ይጫወትባቸው የነበሩት ወረቀቶች ግን ባመዛኙ ጠፍተዋል። ያንን ሙዚቃ ዛሬ መጫወት የሚፈልግ ሰው በሦስት ደቂቃ ሸክላ ላይ ጆሮውን ደቅኖ፣ ከጩኸቱ መካከል ሁለተኛውን ክላርኔትና ሦስተኛውን ትራምፔት እየለየ እንደገና መጻፍ አለበት። የተሸጠው ተርፎ በእጅ የቀረው መጥፋቱ ለሙያችን የሚነግረው ብዙ ነው።

ስሙ ሲመለስ ሌላ ጥያቄም አብሮ ተነሥቷል። ለረጅም ጊዜ በደፈናው የሄንደርሰን ሥራ ሲባል የኖረው ከፊሉ የሬድማን፣ የካርተርና የወንድሙ የሆረስ ነው። ክሪስቶፈር ኮሎምበስን ያቀናበረው ሆረስ ነበር። ስሙ በጉድማን ጥላ የተሸፈነው ሰው የራሱም ስም ለሌሎች ጥላ ሆኖባቸው ነበር ማለት ነው። ስለሆነም ውለታን መመለስ አንድን ስም በሌላ ስም በመተካት አይፈጸምም፤ እያንዳንዱን ወረቀት ማን እንደጻፈው ለይቶ ማወቅን ይጠይቃል።

ይህ ነገር ከእኛ የራቀ አይደለም። ሄንደርሰንን በወጣትነቱ አርአያ አድርጎ የተከተለው ዱክ ኤሊንግተን በ1973 ኅዳር ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ፣ ተመልካቹ በመድረኩ ላይ ያየው የክፍሎች አቀማመጥ በሮዝላንድ የተጀመረው ነበር። በአገራችንም የክብር ዘበኛና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራዎች ሳክስፎኑን፣ ትራምፔቱንና ትሮምቦኑን በክፍል መድበው የአገር ዜማ ሲጫወቱ፣ ከወረቀቱ በስተጀርባ እንደ ነርሲስ ናልባንዲያን ያሉ አቀናባሪዎች ነበሩ። ዘፈኖቹን ሁሉም ያስታውሳቸዋል፤ የዘፋኞቹም ስም ይጠራል። ቅንብሩን ማን ጻፈው ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ያለው ብዙውን ጊዜ በቀሩት ጥቂት አረጋውያን ተጫዋቾች ትዝታ ውስጥ ነው። ትዝታ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ያልፋል።

ስለዚህ የሄንደርሰን ሕይወት ለባልደረቦቻችን የሚያቀርበው ምክር በጣም ተራ የሆነ ምክር ነው። የቅንብር ወረቀት ሲጻፍ በራስጌው የደራሲው፣ የአቀናባሪውም ስምና ቀኑ ይጻፍበት። ለተጫዋቾች የታደለው ክፍል ሁሉ ከጨዋታ በኋላ ተሰብስቦ በአንድ ቦታ ይቀመጥ። የቀረጻ ውል ሲፈረም አቀናባሪው የአንድ ጊዜ ዋጋ ብቻ ተቀብሎ የሚሰናበት መሆን አለመሆኑ አስቀድሞ ይነጋገሩበት። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያሉት የቆዩ ኖታዎችና ሸክላዎችም አይጥና እርጥበት ሳይቀድሙን ወደ ቤተ መዛግብት ይግቡ። ሄንደርሰንን ከመረሳት ያወጡት ሰዎች ይህን የመሰለ የሚታይ ማስረጃ ባያገኙ ኖሮ፣ ያ ሁሉ ሙዚቃ ዛሬም ባለቤት አልባ ሆኖ ይደመጥ ነበር።